ከትከሻ በላይ

አስር አለቃው የተገኘው ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ነው። ከእግርጌው የጠፋ የከሰል ምድጃ፣ ጠረጴዛው ላይ «የአካል ጉዳት አበል ጥያቄው ውድቅ ተደርጓል» የሚል ደብዳቤ ነበር። ከበሩ በላይ ያለችው የአየር መግቢያ በገዛ ኮቱ ተወትፋለች። ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ «ተስፋ ቆርጦ ራሱን አጥፍቷል» ብሎ ጽፎ ጨርሷል።

መርማሪዋ ራሷ ችኩል ናት፤ የችኩል ሰው ስህተት የት እንደሚደበቅ ታውቃለች። ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞረችው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ማንኪያ። ወንበር የለም። የከባዱ የብረት አልጋ እግሮች ከሲሚንቶው ጋር ዝገው ተጣብቀዋል፤ ጠረጴዛውም ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ጣውላ ነው። መስታወቱ የተሰቀለው ወገቧ ጋ ነው፤ የልብስ ሚስማሮቹም እንደዚያው።

«እማማ፣ ይሄን መስታወት እዚህ ታች ማን ሰቀለው?» አለች።

«እኔ ነኛ፣ ልጄ። ጎንበስ ብሎ ሲላጭ እንዲመቸው ብዬ።» አከራይዋ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫቸውን ጠረጉ። «እሁድ እሁድ ጸጉሩንም አበጥርለት ነበር። ትናንት ግን እህቴ ዘንድ ሄጄ አመሸሁ። ሰው አልባ ሆኖ አመሸ ማለት ነው።»

«ክፍሉን ለልጅዎ ፈልገውት ነበር አሉ።»

«ፈልጌማ ነበር! ታዲያ ለክፍል ብዬ ሰው ልገድል?»

ደብዳቤውን አነሳችው። እጥፋቱ ከመነካካት ብዛት ተበጣጥሷል፤ ከተጻፈ ስምንት ወር አልፎታል። ለስምንት ወር የለመደውን ደብዳቤ ትናንት እንደ አዲስ አንብቦ የሚሞት ሰው አልታያት አለ።

ግቢው ውስጥ አንድ ባለክራንች ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የአስር አለቃው የጦር ጓደኛ ነው፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም። ትናንት ጠዋት ሁለቱም የይግባኝ ውሳኔያቸውን ለመቀበል አብረው ሄደው ነበር።

«ምን ተወሰነ?»

«የሱ ጸደቀ፤ የኔ ወደቀ። የድሮውን የጤና ምርመራ ሰረዙትና ሰኞ ያንን የፈረመው ሐኪም ባለበት በሐኪሞች ጉባኤ ፊት እንደገና ይመርመር አሉ። ይህ ሐኪም ሳያይ ነው የሚፈርመው ብሎ ሊመሰክርም ነበር። የሁላችንንም ወረቀት የፈረመው ያ ሰውዬ ነው። ጓደኛዬ ራሱን አጠፋ ከተባለ ግን መዝገቡ ይዘጋል፤ የኛም አብሮ ይቀበራል።»

«ማታ ለምን አልመጣህም?»

ክራንቹን መሬት ላይ አሽከረከረው። «ቀንቼ ነዋ። ሻይ ልጋብዝህ ሲለኝ ብቻህን ጠጣ አልኩት። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ብቻውን አስጠጥቼው አላውቅም ነበር፣ እህቴ።»

መርማሪዋ ከዚያ በቀጥታ ወደ ይግባኝ ሰሚው ቢሮ ሄደች። መዝገብ ቤቱ የውሳኔው ግልባጭ ለሐኪሙም በዚያው ቀን እንደደረሰው በፊርማ አሳያት። ሐኪሙን በቢሮው አገኘችው፤ ረጅም፣ ሸሚዙ የነጣ ሰው ነው።

«እዚያ ሰፈር እግሬም ረግጦ አያውቅም» አላት። «ሰውየውን በደንብ መርምሬዋለሁ። ጤነኛ ነው። ሰው ጥያቄው ሲወድቅበት ተስፋ ይቆርጣል።»

«ይግባኙ እኮ ጸድቆ ነበር፣ ዶክተር።»

«እንግዲያው እኔ ምን አውቃለሁ?»

በሦስተኛው ቀን የአስከሬን ምርመራው ውጤት መጣ፤ ደሙ ውስጥ የእንቅልፍ መድኃኒት ነበር። ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸው። የሕክምና መዝገቡን ዘግታ ያዘች።

«ዶክተር፣ የአስር አለቃው ጉዳት ምኑ ላይ ነበር?»

«መዝገቡን ሳላይ?»

«አንድ ሰዓት ሙሉ መረመርኩት ብለው ጽፈዋል።»

ሐኪሙ ከንፈሩን አረጠበ። «ወገቡን... ወገቡን ይመስለኛል።»

አከራይዋ እጃቸውን አጨበጨቡ። «ወገቡን! ሁለቱም ትከሻው በቦምብ ፍንጣሪ የተበላውን ሰው!»

«ክንዶቹ ከትከሻው በላይ አይነሱም ነበር» አለች መርማሪዋ። «ለዚህ ነው መስታወቱና ሚስማሩ ታች የሆኑት፤ ለዚህ ነው እማማ የሚያበጥሩት። አሁን ያቺን የአየር መግቢያ እዩ። እኔ እጄን ሙሉ ዘርግቼ ነው የምደርስባት። የሚቆምበት ወንበር የለውም፤ አልጋውና ጠረጴዛውም ካሉበት አይነቃነቁም። ስለዚህ ኮቱን የወተፈው ሌላ ሰው ነው። እማማም ሆኑ ጓደኛው ራሱን ያጠፋ ለማስመሰል ቢፈልጉ ይህን ስህተት አይሠሩም፤ ክንዱን ያውቁታል። የማያውቀው መርምሬዋለሁ የሚለው ሰው ብቻ ነው። ዶክተር፣ አድራሻውን ከመዝገቡ አገኙ፤ ሊታረቁት የመጡ መስለው የእንቅልፍ መድኃኒት የገባበት ሻይ አጠጡት። አዲሱን ውሳኔ ወስደው አሮጌውን ጠረጴዛው ላይ ተዉት።»

«ይሄ ግምት ነው» አለ ሐኪሙ፤ ድምፁ ግን ቀጥኖ ነበር።

«የአየር መግቢያዋ ጠርዝ ላይ አቧራ አለ፤ አቧራው ላይ የጣት አሻራ አለ። እግርዎ ሰፈሩን ካልረገጠ እጅዎ እዚያ ምን ሊሠራ ይወጣል? አሻራዎን አሁን ይሰጡኛል።»

ሐኪሙ መቀመጫ ፈለገ። ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ፖሊሶቹ ይዘውት ከወጡ በኋላ ባለክራንቹ የጓደኛውን ኮት አራግፎ፣ ወደ ግድግዳው ሳያይ፣ ወገቡ ጋ ያለችው ሚስማር ላይ ሰቀለው።

«አስራ አንድ ዓመት ክንዴ አይነሳም ሲላቸው አላመኑትም» አለ። «ሞቶ አስረዳቸው።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ ሌላ መዝገብ አወጣች፤ የእሱን። ሐኪሙ የጻፈውን መስመር ፈልጋ አነበበችለት፦ «ሁለቱም እግሮች በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛሉ።»

ባለክራንቹ የተጠቀለለውን የሱሪውን ጫፍ ወደ ታች አየው። ሳቁ ትከሻውን ናጠው፤ ቆይቶ ሳቅ መሆኑ ቀረ።

«የሱ ቀጠሮ ሰኞ ነበር» አለ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ። «ሄጄ እኔ ልናገርለት እችላለሁ። ያው ብቻዬን ነው እንጂ።»

መዝገቡን ዘጋችው። ሰኞ እረፍቷ ነው፤ ቤቷ የሚጠብቃትም አንድ ኩባያና አንድ ማንኪያ ነው።

«በስንት ሰዓት ነው?» አለችው።