መቶ ስድስት ግራም ሶዳ

መምህር ሽብሩ በዲላ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሞቶ የተገኘው በ1970 ዓ.ም. አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው የድንጋይ ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ማንም አልጮኸም። በዚያ ዓመት ጩኸታችን አልቆ ነበር።

አብዮት ጠባቂዎቹ ከኮንጋ ገጠር የመጣውን ልጅ ዘነበን፣ የቤተ ሙከራውን ሠራተኛ፣ አስረውት ቆዩ። አርብ ዕለት ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?» አለ መርማሪው፣ መቶ አለቃ ተክለማርያም።

«ብናገርም ያስሩኛል፣ ጓድ።»

መርማሪው የቤተ ሙከራውን የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ አየ። ቀለሙ የለቀቀ ወረቀት ተንሳፍፏል፤ አጠገቡ ባዶ የአሲድ ጠርሙስ አለ። ሰማያዊ የሊትመስ መፈተሻ ወረቀት ነከረ፤ ቀላ፤ ውሃው አሲድ ነው። «ሶዲየም ካርቦኔት» የሚለው ብልቃጥ ላይ ዘነበ ዘወትር መዝኖ የሚጽፈው ወረቀት ተለጥፏል፦ አርብ፣ 500 ግራም። መርማሪው ራሱ መዘነው፤ 394።

ከሰዓት በኋላ የቤተ ሙከራው ቁልፍ ያላቸውን ሦስቱን ሰበሰበ፦ ዘነበን፣ የኬሚስትሪ መምህሩን በቀለን፣ ጂኦግራፊ የሚያስተምሩትን ርዕሰ መምህርት ወይዘሮ ጸሐይን።

«መምህር በቀለ፣ የጠርሙሱን አሲድ ለማምከን ስንት ሶዳ ይበቃል?»

«አሲዱ ሁለት ኢኩቫለንት፣ ማለትም ሁለት የማምከኛ ድርሻ ነው። አንድ ሞል ካርቦኔት 106 ግራም ነው፤ ሁለት ድርሻ ስለሚያመክን ለአንዱ 53 ይደርሳል። ሁለት ጊዜ 53፣ መቶ ስድስት ግራም።»

«የጎደለውም ይኸው ነው። ታዲያ ገንዳው ለምን አሁንም አሲድ ሆነ?»

ዘነበ ቀና አለ።

«ካርቦኔት አይደለማ! ካለቀ ወር አለፈው። ልጆቹ ሙከራ እንዳይቀርባቸው ከነጋዴው ነዚፍ ሱቅ የዳቦ ሶዳ ገዝቼ ሞላሁ። አርብ ዕለት ጋሽ ሽብሩ ለሁሉም ንገር ሲለኝ ፈራሁ። የኢኮኖሚ አሻጥር ይሉኛል ብዬ።»

«የዳቦ ሶዳ ከሆነ ለአንዱ ድርሻ 84 ግራም ያስፈልጋል» አለ ተክለማርያም። «ወይዘሮ ጸሐይ ቢሆኑ በእፍኝ ይበትኑ ነበር እንጂ አይመዝኑም። ዘነበ ቢሆን በ84 ያሰላል። በ53 ያሰላው የብልቃጡን ጽሑፍ ያመነ የኬሚስትሪ ሰው ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ወረቀት ምን ነበር፣ መምህር?»

በቀለ ስም እንደሚጠራ ሰው ደረቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «ፀረ አብዮት ናቸው ብዬ ለቀበሌ የጻፍኩት የተማሪዎች ስም፣ ከነፊርማዬ። ሽብሩ ነጠቀኝ፤ ገፋሁት። በር ላይ ፍተሻ አለ፣ ባቃጥለው ይጨሳል፤ ጽሑፉን በአሲድ አጠፋሁት። ሶዳውን የጨመርኩት ገንዳው ተራ የጨው ውሃ መስሎ እንዲቀር ነበር።»

ጠባቂዎቹ የዘነበን ገመድ ፈተው በቀለን በእሱው አሰሩት።

«የዳቦ ሶዳው ነገርስ?» አለ አንዱ።

«በሪፖርቴ ውስጥ አይኖርም» አለ መርማሪው።

በቀለ በር ላይ ቆመ። «ስንት ነበር የሚያስፈልገው?»

«መቶ ስድሳ ስምንት፣ መምህር» አለ ዘነበ፣ ታስሮ የነበረውን እጁን እያሸ። ስሌቱን ያስተማረው ጋሽ ሽብሩ ነበር።