አሥራ አንድ ሜትር

«ቆመች!» አለ አብኔር ገመዱን ለቀቅ አድርጎ። «ቤቴል፣ ጉንዳን ቆመች!»

ቤቴል በቦኖው ቆጣሪ ጉድጓድ አፍ ላይ በደረቷ ተኝታ የስልኳ ስክሪን ላይ አፍጥጣለች። ጉንዳን ቧንቧ ውስጥ ገብታ የምታይ ሮቦታቸው ናት፤ ከጥርስ ሳሙና ካርቶን አትበልጥም። ሞተሯ ከተበላሸ ዲቪዲ የወጣ፣ ካሜራዋ ከመካኒክ በውሰት የመጣ ነው። መጀመሪያ ሁለት ጎማ ብቻ ስለነበራት ቧንቧው እያዳለጣት ትገለበጥ ነበር። ቤቴል የቧንቧውን ጣሪያ በእስክሪብቶ ስፕሪንግ የሚገፋ ሦስተኛ ጎማ ስትጨምርላት ነው ቀጥ ብላ መሄድ የጀመረችው። ለዚያች ጎማ ሦስት ሳምንት ፈጅታለች፤ ስለዚህ ብትኮራባት አይፈረድባትም።

«ስንት ሜትር ገባች?»

«አሥራ አንድ።»

ጂንካ ዳር ያለው የሰፈራቸው ቦኖ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ውሃ የወጣው ግን የምርቃቱ ቀን ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ «ድንጋይ ገብቶበት ነው» ይላል። ቤቴልና አብኔር ደግሞ ሰኞ በትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ላይ ድንጋዩ የት ጋ እንዳለ በቪዲዮ ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል። የጉድጓዱን ቁልፍ የሰጣት አባቷ ነው፤ የሰፈሩ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደምሰው።

ስክሪኑ ላይ ድንጋይ አልነበረም። ቢጫ ፌስታል ነበር። የቧንቧው አፍ ላይ ከወዲያ በኩል ታስሮ፣ የሣር ሥር በስቶታል። ጉንዳን ስትገፋው ተቀደደና አፈር ተናደ።

«ከዚያ ወዲያ ያለው ቧንቧስ?» አለ አብኔር።

«የለም። እዚሁ ያልቃል።»

«በቃ ተበላን!»

ከቦኖው ፊት የሰፈሩ ጄሪካኖች እንደ ሁልጊዜው ተሰልፈዋል። ውሃው ድንገት ቢመጣ ወረፋ እንዳያመልጥ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጄሪካን እዚያው ያቆማል፤ ነፋስ እንዳይወስደውም እጀታው ላይ ድንጋይ ያስራል። የመጀመሪያው የእትዬ አረጋሽ ነው። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ነሪ ወንዝ መውረድ አይችሉም።

«ድንጋዩን አገኛችሁት?» አሉ ከደጃቸው።

«ካሜራው ጭጋግ ያዘው፣ እትዬ» አለች ቤቴል። ውሸቱ ሳታስበው ነው ያመለጣት።

አባቷ ጓሮ ተቀምጦ የንብ ቀፎ ይጎነጉን ነበር። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ አየው።

«ቆጣሪው ስንት ላይ ቆሟል?»

«ሁለት ሜትር ኩብ ላይ። ሁለት ሺህ ሊትር ማለት ነው።»

«ከአጥሩ ጀርባ አንድ ሮቶ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የምርቃቱ ቀን። የግንበኞቹ ውሃ ነው አሉን። ባለ ሁለት ሺህ ሊትር።»

ቤቴልም ሮቶውን አስታወሰችው፤ ያን ቀን ከቦኖው የፈሰሰው የሱ ውሃ ኖሯል። ቦዩን ሁለት ኪሎ ሜትር የቆፈረው ሰፈርተኛው ነበር። ከዚያ ኮንትራክተሩ «ቧንቧውን እኛ እንቀብራለን፣ አፈሩንም በማሽን እንመልሳለን፤ እናንተ ወደ እርሻችሁ ሂዱ» አለ። የዘር ወቅት ስለነበር ሁሉም አመስግኖት ሄደ። የምርቃቱ ቀን የመጀመሪያውን ብርጭቆ የጠጣው አባቷ ነው። በዚያ ቀን የኮራችውን ያህል ኮርታ አታውቅም።

«ጠጥቼው ነበር እኮ» አለ አባቷ። «ጠጣሁና ‹ውሃው ደርሷል› ብዬ ፈረምኩ።»

«ውሃ ቢሮ ሄደን እንንገራቸዋ፣ አባዬ።»

«ወረቀቱን አውጥተው ‹ይሄ ፊርማ የማን ነው?› ቢሉኝስ? ኮንትራክተሩ ስልኩን ካጠፋ ዓመት አለፈው። የቀረሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ሰኞ ምን ላሳይ?»

«አጥፊው» ቢላት ትቆጣ ነበር። «አሳዪው» ቢላት ትፈራ ነበር። እሱ ግን «እንጃ፣ ልጄ» ብሎ ወደ ቀፎው ተመለሰ። አባቷ እንጃ ሲል ሰምታ አታውቅም።

እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለውሃው የሚጸልየው እሱ ነበር። በማግስቱ ግን ለታመሙት፣ ለተማሪዎችና ለዝናቡ ጸለየና ተቀመጠ።

«ውሃውን ረሳው!» አሉ እትዬ አረጋሽ። ማንሾካሾካቸው ነበር፤ ግን ጉባኤው በሙሉ ሰማቸው። ቤቴል አንገቷን ደፋች።

ሰኞ ጠዋት አብኔር ቦኖው ጋ ጠበቃት። ፊቱ ፈክቷል።

«ቪዲዮውን አሥር ሜትር ላይ ቆርጬዋለሁ። ሮቦቷ ትሄዳለች፣ ቧንቧው ንጹሕ ነው፣ ይጨበጨባል፣ አለቀ።»

«ድንጋዩስ ቢሉን?»

«አቦ፣ አታካብጂ! ዝም አይነቅዝም። ደግሞ የምናተርፈው አባትሽን ነው።»

የመጨረሻው ነገር እውነት ነበር። ሙሉውን ብታሳይ ሰው ሁሉ የሚዞረው ወደ አባቷ ነው። ባታሳይም ውሃ አይመጣም። ብታሳይም አይመጣም።

እትዬ አረጋሽ በትራቸውን ተደግፈው መጡና ነፋስ ያዞረውን ጄሪካናቸውን አስተካከሉ። አፉን ወደ ቦኖው መለሱት።

«ዛሬ ይመጣ ይሆን፣ ቤቴልዬ?»

ቤቴል ስልኳን አወጣች። አብኔር እጇን ሊይዝ ሞከረ፤ ቀስ ብላ አስለቀቀችው።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ዋሽቼዎታለሁ። ይዩት።»

አሮጊቷ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩ።

«ይሄ ፌስታል ነው?»

«አዎ።»

«ከሱ ቀጥሎስ?»

«ቀጥሎ የለም፣ እትዬ። ቧንቧው እዚያ ያልቃል።»

«አባትሽ ያውቃል?»

«ቅዳሜ ነው ያወቀው። እሱም እንደ እኛው ተታልሎ ነው የፈረመው» አለች። «ዛሬ ለሁሉም አሳያለሁ። ቀድመው እርስዎ እንዲያዩት ብዬ ነው።»

እትዬ አረጋሽ ጎንበስ ብለው ከጄሪካናቸው እጀታ ድንጋዩን መፍታት ጀመሩ። ቋጠሮው ሁለት ዓመት ስለከረመ እምቢ አላቸው። ቤቴል አጠገባቸው ተንበርክካ ፈታችላቸው፤ ከዚያ የቤቷንም ጄሪካን ከሰልፉ አወጣች።

«ቪዲዮውን እንደነበረ መልሰው» አለችው አብኔርን። «እስከ ፌስታሉ።»

ኤግዚቢሽኑ የሚከፈተው በሦስት ሰዓት ነው፤ ቤቴል እስከዚያ ውሃ ቀድታ ትመለሳለች። ሁለቱን ጄሪካኖች አንጠልጥላ ወደ ነሪ መውረድ ጀመረች።