በቤታንያ መርከብ ላይ የተደገመው ጸሎት

መጀመሪያ የተሰማው የመዶሻ ድምፅ ነበር። አንድ መዶሻ አይደለም፤ ብዙ፣ ትንንሽ፣ እርስ በርሳቸው የማይደማመጡ መዶሻዎች። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርድ በረዶ ይመስላል።

ዊሳ ከጉምሩኩ መጋዘን ጀርባ ቆም ብሎ አዳመጠ። ፖርት ሰዒድ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፤ መርከብ ሲጮህ፣ ሰንሰለት ሲወርድ፣ ጎታች ጀልባ ሲያቃስት ዓይኑን ጨፍኖ ይለያል። ይሄንን ግን አያውቀውም። መጋዘኑን ዞረ።

ነጭ መርከብ ቆማለች። በጎኗ በኩል ሳንቃ በገመድ አንጠልጥለው የተቀመጡ ወጣቶች ዝገቷን ይቀጠቅጣሉ። ከሁሉም ዝቅ ብላ፣ ከዊሳ ራስ ብዙም በማይርቅ ከፍታ ላይ፣ ፀጉሯን በሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ልጅ ነበረች። ፊቷ በዝገት ብናኝ ቀልቷል።

«መርከባችሁ ምን አጠፋች? ለምን ትደበድቧታላችሁ?» አላት በእንግሊዝኛ።

«አርጅታለች። እንግዳ ስለሚመጣባት ፊቷን እያጸዳንላት ነው።» የመለሰችለት በአረብኛ ነበር።

«አረብኛ ትችያለሽ እንዴ?»

«የሐለብ ልጅ ነኝ። አንተስ የምታወራው አረብኛ ነው? እናንተ ግብፆች አፋችሁን ስትከፍቱ ፊልም የጀመረ ይመስለኛል።»

ዊሳ ሳቀ። ብቻውን መሆን የለመደ ልጅ ነው። ቀልድ የሚመጣለት ሰው ከሄደ በኋላ ነው።

ማራል ትባላለች፤ የሐለብ አርመን ናት። መርከቧ ደግሞ «ቤታንያ»፤ ወንጌልና መጻሕፍት ጭና ከወደብ ወደብ የምትዞር፣ ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉባት። ሦስት ሳምንት ፖርት ሰዒድ ቆማ ሕዝቡን ልታስተናግድ ነው። ዊሳም የመጣው ቤተ ክርስቲያኑ ለአስተርጓሚነት ልካው ነው። እንግሊዝኛውን የተማረው ከአባቱ ነው። አባቱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባምቡቲ ነበር፤ በትንሽ ጀልባ መርከብ ሥር ተጠግቶ፣ በአሥር ቋንቋ ወደ ላይ እየጮኸ፣ በገመድና በቅርጫት የሚነግድ።

ጠዋት ጠዋት ማራል ዝገት ትቀጠቅጣለች። ከሰዓት ታጥባ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ፣ መሰላሉ አናት ላይ ቆማ እንግዳ ትቀበላለች። ዊሳ አጠገቧ ይቆማል። ሕዝቡ ይጎርፋል፤ ልጁን ትከሻው ላይ ያስቀመጠ አባት፣ ከትምህርት ቤት የፎረፉ ልጃገረዶች፣ መጽሐፉን ሳይሆን መርከቡን ለማየት የመጡ አሮጊቶች።

አንዷ አሮጊት የማራልን እጅ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «ልጄ፣ ውስጥ እያለን ይዞን ይሄድ ይሆን?»

«አይሄድም እናቴ። ቢሄድም አብሬሽ አለሁ።»

«እሱን ነው የፈራሁት፤ ባሌ እኮ ምሳ አልበላም።»

«እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚለውን በቀን ሺህ ጊዜ ትላለች። ዊሳ ሺሁንም ይሰማል። ሰው ሲቀንስ ሁለቱም ዝም ይላሉ። እሷ መርከብ የሚያልፍበትን ቦይ ታያለች፣ እሱ እሷን ያያል፤ ዞር ስትል ደግሞ እሱ ቦዩን። ዊሳ በዚያ ዝምታ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ ቢቆም ደስታው ነበር።

መርከቧ ልጆቿን ብቻቸውን ወደ ከተማ አትለቅም፤ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚወጡት። በሁለተኛው ሳምንት ዓርብ ማራል ከሁለት ኮሪያውያን ልጆች ጋር ወጣች፤ ዊሳም አብሯቸው ነበር። ልጆቹ የተጠበሰ ስኳር ድንች እየገመጡ ወደ ፊት ቀደሙ። ሆን ብለው መሆኑ ዊሳን የገባው ዘግይቶ ነው።

በባሕሩ ግንብ ላይ እየሄዱ ነገረችው።

«አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን በላያችን ፈረሰ። እኔን ለማውጣት አንድ ቀን ሙሉ ፈጀባቸው። እናቴ ፍርስራሹ ላይ ተቀምጣ ተሳለች። ጌታ ሆይ፣ ልጄ በሕይወት ከወጣች፣ ከዕድሜዋ ሁለት ዓመት አንተን ታገለግላለች አለች።»

«እናትሽ አሁን የት ናት?»

«በዓመቱ ሞተች። ስለቱ እኔ ላይ ቀረ።»

«ስንት ጊዜ ሆነሽ መርከቡ ላይ?»

«ስምንት ወር። ሕጋችን ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት ፍቅር አትጀምሩ ይላል። የጀመረ ወደ ቤቱ ይላካል።»

ዊሳ ብዙ እርምጃ ሄደ። «ጀምረሻል እንዴ?» አለ በመጨረሻ።

ማራል አልሳቀችም። «አራት ወር ቀርቶኛል። አራት ወር ለማንም ትንፍሽ እንዳትል። ከዚያ ራሴ እጽፍልሃለሁ።»

«ለእናቴም አልናገር?»

«ለእናትህ በተለይ።»

ግንቡ ላይ ግን ግማሽ ከተማው ነው የሚንሸራሸረው። ቅዳሜ ጠዋት የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ልብስ እያሰጣች፣ ለዊሳ እናት ለቴሬዛ ከበረንዳ ወደ በረንዳ ነገረቻት። ቴሬዛ ልጇ ፊት መጥታ ቆመች።

«ማን ናት?»

ነገራት። ሁሉንም አይደለም።

«አራት ወር ብቻ ታገሺኝ እማዬ።»

«በአራት ወር ሰፈሩ ስሟን አኝኮ ይተፋዋል። እናት የሌላትን ልጅ ግንብ ለግንብ ይዘህ ዙር ብዬ ነው ያሳደግኩህ? አባትስ የላትም?»

«መርከቡ ላይ አባት ሰጥተዋታል። ለእያንዳንዱ ወጣት አንድ ባለትዳር ሽማግሌ ይመደብለታል፤ ልጄ ይለዋል።»

«አባት ካላት ታዲያ ምን ቀረ? ነገ ከቅዳሴ መልስ ወንድሜን ይዤ እሄዳለሁ።»

እምቢ ማለት ይችል ነበር። ስለቱንና ሕጉን ሊነግራት ይችል ነበር። አልነገራትም። መርከቧ ሐሙስ ትሄዳለች፤ ደብዳቤ ይጠፋል፣ ሰው ይረሳል። ከሐሙስ በፊት አንድ የሚያስር ነገር ቢኖር ብሎ ተመኘ። እናቱ ትሪ ስታወርድ ሲያይ ልቡ አልፈራም፤ ተደሰተ።

እሑድ ቴሬዛ ስኳር የተነሰነሰበት ከሕክ የሚባል ብስኩት ትሪ ሙሉ ተሸክማ፣ ወንድሟ ዘሪፍ የሠርግ ሱፉን ለብሶ መሰላሉን ወጡ። ዘሪፍም ባምቡቲ ነው፤ እንግሊዝኛው ግን ከዋጋ ቁጥር አያልፍም።

«አርባ ዓመት ከመርከብ ሥር ሆኜ ወደ ላይ ስጮህ ኖሬ፣» አለ እያለከለከ፣ «ዛሬ ገና በደረጃ አስገቡኝ።»

«አፍህን ሰብሰብ አድርግ፤ ሽምግልና ነው የመጣነው» አለችው እህቱ።

የማራል የመርከብ አባት ዮአኒስ የሚባሉ፣ ከሰሜን ባሕር ደሴቶች የመጡ ሽበታም አናጢ ናቸው። የእንጨት ብናኝ ከጢማቸው እያራገፉ መጡና ሁሉንም ጨብጠው በትንሿ የመመገቢያ ክፍል አስቀመጧቸው። አረብኛ አያውቁም። ዊሳ አፉን ሊከፍት ሲል ዘሪፍ በክርኑ ጎሸመው።

«ጠያቂ ለራሱ አያስተረጉምም። አንገትህን ደፍተህ ተቀመጥ።»

ስለዚህ ማራል ተጠራች። ሻሿን እንዳሰረች፣ እጇ በዝገት እንደቀላ ገባች። ትሪውን አየች። የዘሪፍን ሱፍ አየች። ከዚያ ዊሳን አየችው፤ እሱ አንገቱን ደፋ።

ቴሬዛ ተነሥታ ቆመች። «እንዲህ በይልኝ ልጄ። ሀብት ባይኖረንም ስማችን ንጹሕ ነው። ያለኝ ልጅ አንድ ነው፤ ልጅዎን አይቶ ወደዳት። እኔም ሳላያት ወደድኳት። ይስጡን ብለን ደጅዎ መጥተናል በያቸው።»

ማራል ትሪው ላይ አፈጠጠች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በዝግታ፣ «መርከቧ ለከተማቸው ስላደረገችው ሊያመሰግኑ መጥተዋል» አለች። «ይሄን በእጃቸው ጋግረው ነው ያመጡት። እንደ ቤተሰብ ተቀበሉን ይላሉ።»

በክፍሉ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዷ ዋሸች፤ ሌላው ሰምቶ ዝም አለ።

የዮአኒስ ፊት በራ። «በደስታ፤ በሙሉ ልብ።»

«በደስታ ይላሉ» አለች ማራል ለቴሬዛ። ይሄኛው እውነት ነበር።

«እንግዲያው እንደ ወጋችን ቆመን አባታችን ሆይን እንበል» ብሎ ዘሪፍ ሱፉን ቆለፈ። «እሱን አብረን ካልን አለቀ፤ ታጩ ማለት ነው።»

«መጸለይ ይፈልጋሉ» አለች ማራል።

ለዮአኒስ ከዚህ የበለጠ ምን ደስታ አለ? ተነሥተው እጃቸውን አጣመሩና በአገራቸው ቋንቋ ጀመሩ። ቴሬዛና ዘሪፍ በአረብኛ ተከተሉ። ዊሳ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል እንጂ ጆሮው ሌላ ቦታ ነበር። ማራል ዝም ብላለች። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ሲደርሱ ግን አንድ ቀጭን ድምፅ በአርመንኛ ተጨመረ። እስከ አሜን ድረስ አልተቋረጠም።

ቴሬዛ ዝገቱን ሳትጠየፍ አቀፈቻት። «ከዛሬ ጀምሮ እናት አለሽ።» እልልታዋ በመርከቧ የብረት መተላለፊያ ውስጥ እየተንከባለለ ሄደ።

ሲወጡ ዊሳ መሰላሉ አናት ላይ ወደ ኋላ ቀረ።

«ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«እውነቱን ለአባባ ዮአኒስ ብናገር የሞተችው እናቴ ስለት ይቀራል። እምቢ ብዬ ብናገር ያንተ እናት ትሪዋን ይዛ ትመለሳለች።» በሻሿ ጫፍ የእጇን ዝገት ጠረገች። «አራት ወር ነበር የለመንኩህ ዊሳ። አራት ወር።»

«ጸሎቱን ግን አልሽው።»

«ምን ማለት እንደሆነ እያወቅኩ ነው ያልኩት» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ሰኞ ከሰዓት መሰላሉ አናት ላይ ሌላ ልጅ ነበረች። ማክሰኞ ዮአኒስ ዊሳን ወደ መሥሪያ ክፍላቸው ጠሩት። ሲናገሩ አንድ የወንበር እግር እየላጉ ነበር።

«ሁሉንም ነገረችኝ። እሑድ ማታውኑ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የሁላችንም ነው። እኔም በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ጸልዬ አላውቅም። ምን እየጸለይኩ እንደሆነ ባውቅ ጥሩ ነበር።» መላጊያውን አስቀመጡት። «ካፒቴኑን ለምኜላታለሁ። አይልኳትም፤ ምርጫው የራሷ ነው። ካንተ ጋር ከሆነች እስከ ረቡዕ ማታ ትወርዳለች። መርከቡ ላይ ከቀረች ግን ነፃ ሆና ነው የምትሄደው፤ ደብዳቤ የለም፣ ቀጠሮ የለም። ከዚህ ወደ ሩቅ ምሥራቅ ነን። ወደዚህ አንመለስም።»

«እጠብቃታለሁ በሏት።»

ሽማግሌው ከወንበሩ እግር ላይ ብናኙን እፍ አሉት። «እሱን አልነግራትም ልጄ። አንተም አትንገራት። ስለቷን ቀን እየቆጠረች እንድትጨርሰው አልፈልግም።»

ዊሳ ለእናቱ ይሄንንም አልነገራትም። ቴሬዛ ልጇ የታጨ መሆኑን ለሰፈሩ ሁሉ አዳርሳለች፤ ረቡዕ ምሳ እንድትመጣ ለማራል ልካባታለች። ቡሪ ዓሣ ስትጠብስ ታንጎራጉር ነበር።

ማራል በቀትር መጣች። ነጩን ሸሚዝ ለብሳለች። ዊሳ በሩን ሲከፍት መጀመሪያ ያየው እጇን ነው። ሻንጣ አልያዘችም። በኋላ ታመጣዋለች አለ በልቡ።

ማራል ገና ሳትቀመጥ ቴሬዛ ወደ ቁም ሣጥኑ ወሰደቻት። «ይሄ ግማሹ ያንቺ ነው። እሱ እንደሆነ ሁለት ሸሚዝ ነው ያለው፤ አንደኛውም ያባቱ ነው።»

ማራል ባዶዎቹን መስቀያዎች በጣቷ ነካቻቸው። «ሰፊ ነው» አለች።

ምሳ በደንብ በላች። ሩዙን ደገመች። ቴሬዛ የዓሣውን ጉንጭ እየፈለቀቀች ሳህኗ ላይ ስታደርግላት አልተግደረደረችም። ዊሳ አልበላም። የግድግዳውን ሰዓት ላለማየት ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«ምነው፣ ሙሽራው ጾም ገባ እንዴ?» አለ ዘሪፍ። «ስሚ ማራል፣ አንድ ጊዜ ለአንድ ግሪካዊ መርከበኛ ሸሚዝ ሸጥኩለት። በገመድ ወደ ላይ ሰደድኩት። ጠበበኝ ብሎ መለሰው። አጥፌ ያንኑ ሸሚዝ መልሼ ሰደድኩለት። አሁንማ ልክ ሆነ አለኝ።»

ማራል ሳቀች፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዘሪፍም ሳቋ ደስ ብሎት ሌላ ጀመረ፤ ስለ አንድ ጣሊያናዊ ምግብ አብሳይና ስለ አንዲት በቀቀን።

በወሬው መሃል ማራል ተነሣች። ጎንበስ ብላ ቴሬዛን ግንባሯን ሳመቻት።

«ተቀመጪ፣ ውሃውን እኔ አመጣለሁ» አለች ቴሬዛ እሾህ እየለቀመች።

ማራል ዊሳን አየችው። መሰላሉ አናት ላይ በቆዩበት ጊዜ ሁሉ እንደዚያ ዓይኗን ሳትነቅል አይታው አታውቅም። እሱም ዞር አላለም። ከዚያ በሩ ተከፍቶ በዝግታ ተዘጋ።

«የት ሄደች?» አለች ቴሬዛ።

ዊሳ ወደ በረንዳው ወጣ። ማራል በእንጨት በረንዳዎቹ ጥላ ሥር ወደ ወደቡ እየሄደች ነበር። አልሮጠችም። መታጠፊያው ጋ አንድ ብርቱካን የጫነ ጋሪ እስኪያልፍ ቆመች፤ ጋሪው አለፈ፣ እሷም ታጠፈች።