ሁሉም የተነቃነቁበት ፎቶ

ሽማግሌው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። አጠገባቸው ግማሹ የተጠጣ የውሃ ብርጭቆ ነበር። ከስምንት ዓመት ኩርፊያ በኋላ የመጣው የመጨረሻ ልጃቸው ማሙሽ፣ ከእሳቸው ጋር ብቻውን አንድ ሰዓት ቆይቶ ገና መውጣቱ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሞልቶትም ማሙሽ ነው፤ የቤት ስም ከሰው ጋር አያድግም።

ሐኪሙ የሞቱበትን ሰዓት ቆርጦ መናገር አልቻለም። በማግስቱ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት መርማሪ ስትመጣ ታላቅ ልጃቸው በር ላይ ተቀበላት።

«ገዳዩን ፍለጋ ሩቅ አይሂዱ፤ እዚሁ ቤት ነው።»

«ማስረጃ አለዎት?»

ዛሬ ጠዋት ከፎቶ ቤት የመጣውን ትልቅ የቤተሰብ ፎቶ አሳያት። በዘይት ቀለም የተሳለ ይመስላል። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተነሳን። ይኸው አባባ ዓይናቸውን ከፍተው ያያሉ። ከዚያ ማሙሽ ብቻውን እሳቸው ዘንድ ገባ። አሥር ሰዓት ላይ ሞተው አገኘናቸው።»

ማሙሽ ስታናግረው አንገቱን አላቀናም።

«አባትህ ምን አሉህ?»

«ምንም። ከታመሙ ወዲህ መናገር አይችሉም። ጉልበታቸው ላይ ተደፍቼ ይቅርታ ለመንኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ።»

«ፊታቸውን አየኸው?»

«አፈርኩ።»

«ውሃውንስ?»

«ለእሳቸው ቀዳሁት፤ ጉሮሮዬ ሲደርቅ እኔው ጠጣሁት።»

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ብሎ ጮኸ ታላቅየው።

እናትየው ጥግ ላይ ኩርምት ብለዋል። «ለፎቶው ያለበስኩት እኔ ነኝ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣቸውም።

ወንፊት ፎቶ ቤቱ ሄደች።

«ይሄ ፎቶ ነው ወይስ ሥዕል?»

«ሁለቱም» አለ ፎቶ አንሺው። «እኔ ጋ የተነሳ ሰው መታወቂያውን አይቶ ራሱን አያውቅም። ይሄ ግን ማሳመር ሳይሆን ነፍስ ማዳን ነበር። ክፍሉ ጨለማ ነው፤ እናትየው ደግሞ ‹ፍላሽ አይሁን፣ ባሌን ዓይኑን ያመዋል› አሉኝ። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሬ ሁለት ሴኮንድ ሙሉ ከፍቼ ተውኩት። ሰው ደግሞ ይተነፍሳል፣ ይወዛወዛል፤ ፊታቸው ሁሉ ብዥ አለ። ስምንት ዓመት ሳይሰበሰቡ ኖረው ‹ተበላሸ› ልበላቸው? የዘይት ቀለም ሥዕል አስመሰልኩት። ሥዕል ላይ ብዥታም ያምራል።»

«ሁሉም ተነቃንቀው ነበር?»

«ከሽማግሌው በቀር። እሳቸው ጥርት ብለው ወጡ። ዓይናቸው ግን ተከድኖ ስለነበር ከድሮ ፎቷቸው ወስጄ ከፈትኩላቸው።»

ወንፊት ያልተነካካውን ፎቶ አሳትማ፣ ፎቶ አንሺውንም ይዛ ተመለሰች። ቤተሰቡን ሰብስባ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«ወንበሩና ግድግዳው ጥርት ብለዋል፤ ስለዚህ ካሜራው አልተነቃነቀም። የተነቃነቁት ሰዎቹ ናቸው። በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ፀጉር ታህል ያልተነቃነቁት አባታችሁ ብቻ ናቸው። በሽተኛ እንኳ ይተነፍሳል። የተከፈቱት ዓይኖች ደግሞ የዚህ ሰው ደግነት ናቸው።»

ፎቶ አንሺው አቀረቀረ።

«አባታችሁን ያለበሱት፣ ፍላሽ የከለከሉት፣ እዚህ ፎቶ ላይም እጃቸውን ከአባታችሁ አንገት ኋላ አስገብተው ጭንቅላታቸውን የደገፉት አንድ ሰው ናቸው። እማማ፣ ባለቤትዎ መቼ ነው ያረፉት?»

«ሸሚዙን ስቆልፍለት» አሉ እናትየው። «ማሙሽ በሩን እያንኳኳ ነበር። ልጄ ሬሳ ላይ ደረሰ ከሚባል ብዬ ሞቱን ደበቅኩ። የሆዱን ይተንፍስ ብዬም ብቻውን አስገባሁት። ሲከሱት ምላሴ ተሳሰረ። ንጹሕ ነው ለማለት፣ አባትህ አልሰማህም ማለት ነበረብኝ።»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ሲጠራ ግን ሁልጊዜ ደስ አያሰኝም። ማሙሽ ነፃ ወጣ፤ አንድም ሰው እንኳን ደስ አለህ አላለውም።

«እማዬ፣ አልሰሙኝም ማለት ነው?»

«አልሰማህም፣ ልጄ።»

ማሙሽ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ታላቅየው መጥቶ ትከሻውን ያዘው። «በአባባ ፈንታ እኔ ልስማህ። ለእኔ ንገረኝ፣ ወንድሜ።»

ማሙሽ የወንድሙን እጅ ቀስ አድርጎ ከትከሻው አወረደ።

«አንተ እኮ ገዳይ ብለኸኛል» አለው፣ ድምፁን ሳያነሳ። «ቀብሩ ላይ እገኛለሁ። ከዚያ በኋላ አትፈልጉኝ።»