የአቶ ተክለሃይማኖት ፊርማ

አቶ ተክለሃይማኖት ከተቀበሩ ሁለት ወር ሳይሞላ ኑዛዜያቸው ብቅ አለ።

ሲያትል አጠገብ ሬንተን ያለው ቤት ለወንዱ ልጃቸው ለእዮብ ይሁን ይላል። ስድስት ዓመት እያጠበች፣ እያጎረሰች ያስታመመቻቸው ሴት ልጃቸው ሣህሊቱ ስሟም አልተጠቀሰም። እዮብ በሠላሳ ቀን ቤቱን እንድትለቅ ደብዳቤ ላከባት።

ፍስሐ አዲስ አበባ ሳለ አሥራ አምስት ዓመት የወንጀል መርማሪ ነበር። አሁን ሲያትል ውስጥ ለአንድ የጠበቆች ቢሮ ማስረጃ ያሰባስባል። የወንድምና የእህት ክስ ሰልችቶታል፤ ከነፍሰ ገዳይ ጋር መዋል ይሻለው ነበር። የሣህሊቱንም ጉዳይ የያዘው እየከበደው ነው።

መጀመሪያ የሟቹን አእምሮ ጠረጠረ። ሐኪማቸው እስከ መጨረሻው ንቁ ነበሩ አለ። ፊርማውን አስመረመረ። ባለሙያዋ የሳቸው ሊሆንም ላይሆንም ይችላል ብላ ተገላገለች። ከሁለቱ ምስክሮች አንዱ የእዮብ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ስልክ አያነሳም። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ማንአልሞሽ ናቸው፤ የሟቹ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ፣ ውሸት የማያውቁ። እሳቸው ፈርመው ማን ይጠራጠራል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ፍስሐ ግን ሥር የሚቆፍርበት ጉልበት አልነበረውም። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ወረቀቱን ለሃያኛ ጊዜ አነበበው። ሜይ 3፣ 2024፣ እኩለ ቀን፣ በተናዛዡ ቤት ተፈረመ። ቀኑን እንዲያው ወደ ሐበሻው መለሰው። ሚያዝያ 25፣ ዓርብ።

ስቅለት።

ሣህሊቱም እሱም በፈረንጅ ቁጥር እያዩት አልፈውታል። በራሱ አፈረ። ወይዘሮ ማንአልሞሽ ወደሚኖሩበት ወደ ቡሪየን ነዳ።

«እማማ፣ የ2016ቱን ስቅለት የት ዋሉ?»

«የት እውላለሁ ልጄ? ከጠዋት እስከ ማታ ስግደት ላይ።»

«አቶ ተክለሃይማኖትስ?»

«እንደታመሙ ወንበር ላይ ሆነው፣ እዚያው። ማታ በአንድ መኪና ተመለስን።»

«ያን ቀን በስድስት ሰዓት እሳቸው ቤት ሆነው ፈርመዋል ይላል።»

ወይዘሮ ማንአልሞሽ ወረቀቱን አገላበጡት። እንግሊዝኛ አያነቡም። እዮብ በአርባው ማግስት መጥቶ የመቃብሩ ወረቀት ነው፣ የወዳጅ ፊርማ ያስፈልገዋል እንዳላቸው ቀስ ብለው ተናገሩ። ከዚያ አለቀሱ። ፍስሐንም አንጀቱን በሉት።

በማግስቱ እዮብ ወደ ጠበቆቹ ቢሮ ሲጠራ ሣህሊቱም ነበረች። የቀኑን ነገር ሲነግሩት ግራ ተጋባ።

«ኢስተር እኮ ማርች ላይ ነበር» አለ። የፈረንጆቹን ፋሲካ ማለቱ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከሳመ ዓመታት አልፈውታል።

ብዙም አልተከራከረ። የአባቱን ፊርማ ራሱ አስመስሎ እንደፈረመ አመነ። ፍስሐ ደክሞት ነበር፤ ቢሆንም ጠየቀ።

«ያለ ኑዛዜም ግማሹ ያንተ ነበር። ምን አስቸኮለህ?»

እዮብ የኑዛዜውን የመጀመሪያ መስመር በጣቱ ነካ። «ለምወደው ልጄ ለእዮብ» ይላል።

«አባባ አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም» አለ። «ሶ፣ እኔ ጻፍኩት። ቤቱን ስጨምርበት ደግሞ እውነት መሰለኝ።»

ሣህሊቱ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበች። መስመሩን ደጋግማ አነበበችው።

«እኔንስ ብሎኝ ያውቃል እንዴ?» አለችው።