ዜማው የተመለሰበት ቅኝት

ኦቲሊ የልምምድ ክፍሉን በር ልትከፍት እጀታውን እንደያዘች ቀረች። ውስጥ ቡርጊ ፒያኖ እየተጫወተች ነው። የምትጫወተውም ያንኑ ቦታ ነው፤ ዋናው ዜማ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ ተመልሶ የሚመጣበትን። ትጫወትና ቆም ትላለች፤ ትንሽ ወደ ኋላ ትመለስና እንደገና ትጀምራለች።

ያንን ቦታ ኦቲሊ ያገኘችው ገና ትናንት ነበር።

ሰኞ ዕለት ፕሮፌሰር ሴድላቼክ ለተማሪዎቹ የአንድ ሶናታ፣ የፒያኖ ድርሰት፣ የመጀመሪያ ክፍል የኖታ ቅጂ ሲያድሉ የአቀናባሪውን ስም ሸፍነውት ነበር። «ስሙን ተዉትና ዜማውን ስሙ» አሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ቅርጹንና ኅብረ ድምፁን ብቻውን መርምሮ ዓርብ ፒያኖው ላይ ተቀምጦ ያስረዳል። ከሁሉም የተሻለው በሐምሌ አተርዜ ሐይቅ ዳር ወደሚሰጠው ኮርስ ይላካል። የሚላከው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሶናታው በዶ ቅኝት ተጀምሮ ለሁለተኛው ዜማ ወደ ሶል እንደሚሻገር ለማንም አልተሰወረም። ቀጥሎ መሐሉ ይመጣል፤ ዜማው እየተሰባበረ ከቅኝት ቅኝት ይዞራል። ከዚያ በኋላ ዋናው ዜማ ወደ ቤቱ፣ ወደ ዶ፣ ይመለሳል ተብሎ ስለሚጠበቅ፣ አብዛኞቹ ሲመለስ ሰሙና ሳያጣሩ አለፉት። ኦቲሊ ግን ግራ እጅ የሚጫወተውን ብቻ ደጋግማ ስትጫወት ዜማው የተመለሰው በዶ ሳይሆን በፋ መሆኑን ደረሰችበት። ጠርዙ ላይ በእርሳስ «ፋ!» ብላ ጻፈችና ከደስታዋ ብዛት ቅጂውን ፒያኖው ላይ ረስታው ወጣች። ሮጣ ያመጣችላት ቡርጊ ነበረች።

አሁን በሩን ስትከፍተው ቡርጊ ደንገጥ ብላ የራሷን ቅጂ ገለበጠችው።

«ምንድነው የምትደብቂው?» አለቻት ኦቲሊ፣ ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረች።

«ብቻችሁን ሥሩ ተብለን የለ እንዴ? ዞር በይ ባክሽ» አለች ቡርጊ እየሳቀች።

ሳቋ ኦቲሊን አላሳመናትም።

ቡርጊ ወላጆቿ ላም የሚያረቡበትን መንደር ትታ ቪየና የመጣችው በልጅነቷ ነው። የምታድረው በተማሪዎች ማደሪያ ቢሆንም እሑድ እሑድ ምሳዋን የምትበላው ኦቲሊ ቤት ነበር። የኦቲሊ እናት ትልቁን ቁራጭ ሥጋ የሚያወጡት ለእሷ ነው። ኦቲሊ እስከ ዛሬ ይህ ከፍቷት አያውቅም። ያን ቀን ግን ይህን ስታስብ ከፋት። በማግሥቱ ኪሊያን የሚባለው የክፍላቸው ልጅ፣ ቡርጊ የኦቲሊ ሥራ እንዴት እየሄደላት እንደሆነ ጠይቃኛለች ብሎ ሲነግራት ነገሩ ከአእምሮዋ አልወጣ አላት። ምን አስጠየቃት? ራሷን ለምን አልጠየቀቻትም? ቡርጊ ቅጂዋን መደበቋም፣ ጥያቄዋም፣ ሳቋም አንድ ነገር ብቻ ይነግራት ጀመር፦ ሰርቃኛለች።

ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በትራም አብረው ሲሄዱ ኦቲሊ ወሬውን ራሷ አነሳችው። ሌባ ከሆነች እኔ የምሰጣትን ስህተት ትውሰድ ብላ ቆርጣ ነበር።

«በፋ የሚመጣው ዜማ አይሸውድሽ» አለቻት ወደ መስኮቱ እያየች። «የውሸት መመለስ ነው። እውነተኛው ቆይቶ ነው የሚመጣው፣ በዶ።»

ቡርጊ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ አንቀሳቀሰች፤ በሐሳቧ ስትጫወት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ነኝ።»

«እሺ። እንኳን ነገርሽኝ፣ ኦቲ» አለችና መውረጃዋ ሲደርስ እጇን አውለብልባ ወረደች።

ዓርብ ቀድማ የተጠራችው ቡርጊ ነበረች። መጀመሪያውን በጥሩ ሁኔታ አስረዳች። መሐሉንም እየተጫወተች ቅኝቱ የሚዞርበትን ሁሉ አሳየች። ያ ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ድምጿ ቀነሰ፤ ዜማው በፋ መምጣቱን፣ ይህ ግን የውሸት መመለስ እንደሆነ ተናገረች።

«የውሸት ከሆነ እውነተኛው የት አለ?» አሉ ፕሮፌሰር ሴድላቼክ። «እስቲ ተጫወቺልኝ።»

ቡርጊ ገጹን ገለጠች። መልሳ ገለጠችው። ከኋላ አንድ ሁለት ልጆች ሳቁ። ኦቲሊ ይህን ቅጽበት ከትናንት ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር፤ ሲመጣ ግን ዓይኗን ወደ ቅጂዋ መለሰች።

«አላገኘሁትም» አለች ቡርጊ። «ሌሊቱንም ፈልጌ አጥቼዋለሁ። መጀመሪያ ራሱ የፋው ነው እውነተኛው ብዬ ነበር።»

«ለምን?»

«መንገዱ ያው ስለሆነ። መጀመሪያ ላይ ከዶ ተነስቶ ወደ ሶል የሚያደርሰው ድልድይ አለ አይደል? ከፋ ሲነሳ ድልድዩ ሳይነካ፣ እንዳለ፣ ዶ ላይ ያደርሰዋል። ስለዚህ ሁለተኛው ዜማ ሲመጣ ቤቱ ገብቷል ማለት ነው።» ሁለቱንም ቦታ ተራ በተራ ተጫወተችው።

ኦቲሊ ከወንበሯ አልተንቀሳቀሰችም። እሷ ያገኘችው «ፋ» የሚለውን ብቻ ነበር። ለምን ፋ እንደሆነ አላወቀችም፤ ለማወቅም አልሞከረችም። ይሄ በማንም ቅጂ ጠርዝ ላይ አልተጻፈም።

«ታዲያ ለምን ተውሽው?» አሉ ፕሮፌሰር ሴድላቼክ።

ቡርጊ ወደ ኦቲሊ አላየችም። «ከእኔ የተሻለ ጆሮ ያለው ሰው፣ እውነተኛው እሱ አይደለም አለኝ። የእኔ ጆሮ ይሆናል ያጠፋው አልኩ።»

ፕሮፌሰር ሴድላቼክ የሆነ ነገር ጻፉና «ኦቲሊ፣ ተራሽ ነው» አሉ።

ኦቲሊ ተነስታ ፒያኖው ጋ ተቀመጠች። ወንበሩ አሁንም ሙቀት ነበረው። ከፈለገች ሁሉንም አሟልታ ልትናገር ትችላለች፤ ድልድዩንም ጭምር፤ ማንም ምንም አይላትም። ከመጀመሪያው ጀምራ ተጫወተች፤ መሐሉን አለፈች፤ ዜማው በፋ ሲመጣ እጇን አነሳች።

«እውነተኛው መመለስ ይሄ ነው» አለች። «ምክንያቱን ያገኘችው ቡርጊ ናት። የውሸት ነው ያልኳት እኔ ነኝ። ትክክል እንዳልሆነ እያወቅኩ ነው ያልኳት።»

ቡርጊ ቀና ብላ አየቻት፤ ፊቷ ላይ ቁጣ ገና አልደረሰም፤ ነገሩ ያልገባት ብቻ ትመስል ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ሲገባት ኦቲሊ አየች።

ፕሮፌሰር ሴድላቼክ መነጽራቸውን አወለቁ። «ቀሪውን ትጨርሺዋለሽ?» አሉ።

«እሷ ትጨርሰው» አለች ኦቲሊ።

ከወንበሩ ተነስታ ወደ ጎን ቆመች። ቡርጊ ወዲያው አልተነሳችም።