በጆንያ ክር የተሰፋው እግር

በ1922 ዓ.ም. በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት፣ ሰኞ ረፋድ ላይ፣ አብተውን «የሐኪም ቤት ጠራጊ፤ መጥረጊያህን ይዘህ ውጣ» ብሎ በሰው ፊት ያዋረደው የእህል መጋዘን ሹሙ ሰብስቤ ነበር። አብተው ድሬዳዋ ለአንድ ግሪክ ሐኪም አምስት ዓመት መጥረጉ እውነት ነው። ያን ቀን ያጠፋው ነገር ቢኖር ግን የሰብስቤ ወዳጅ የሆነው ነጋዴ መሐመድሰዒድ በረት ውስጥ ሚስማር የሰነጠቀው እግሩ ታጥቦ ክፍቱን ይሰንብት ማለቱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ንጋት ላይ መሐመድሰዒድ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ፣ ሽንቱ ቀልቶ ሞተ። እህቱ ሰሊማ «ሚስቱ በሾርባ መርዝ አበላችው» ብላ ከሰሰች። የአዳማው ዳኛ ባላምባራስ ተክለሃይማኖት ሚስቲቱን ከሪማን በሰንሰለት አሳስረው፣ የሐኪም ሥራ አይቷል ብለው ሬሳው ሳይቀበር እንዲያየው አብተውን አስጠሩ።

አብተው ያበጠውን ጭን በጣቱ ቢጫነው ከሥር ተንኮሻኮሸ። የእግሩን ጨርቅ ሲፈታ ሰባት ስፌት አየ፤ አልተገረመም።

«እትዬ ሰሊማ፣ ሾርባው ተርፎ ነበር?»

«ምን ሊተርፍ፤ እኔው ጨረስኩት።»

«ሆድዎን አላመመዎትም?»

ሰሊማ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

በጣሳ ያደረውን የሟቹን ሽንት በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን አነሣው። እንደ ቀይ ወይን ጥርት ያለ ነው፤ ከሥሩ የዘቀጠ ነገር የለም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በዳኛው ግቢ ተሰበሰቡ።

«እንዲሁ የፈሰሰ ደም ቢሆን ይዘቅጥ ነበር» አለ አብተው። «ይኸኛው ሟሙቷል። ሐኪሙ በማጉያ መነጽር አሳይቶኛል፤ የሽንኩርት ልጣጭ ጥቃቅን ክፍሎች ግድግዳ አላቸው። የደም ቅንጣት ግን ግድግዳ የላትም፤ ያላት ስስ የቅባት ቆዳ ብቻ ነው። በበረት አፈር ውስጥ አየር የሚጠላ፣ ዓይን የማያየው ተሐዋሲ አለ። ቁስሉ ሲዘጋለት ይራባል፤ የሚተፋው መርዝ ያን ቆዳ ይበሳዋል፤ ቅንጣቷም ትፈነዳለች፤ ሽንቱ የቀላው፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነው በዚህ ነው። ሥጋውን የነፋውም የእሱ አየር ነው። መርዙ እዚያው እግሩ ውስጥ ነው የተሠራው።»

«ማን ዘጋው?» አሉ ባላምባራስ።

«ክሩ የጆንያ ክር ነው። ቋጠሮውን በመጋዘኑ ጆንያ ሁሉ አፍ ላይ ያገኙታል።»

ሰብስቤ አቀረቀረ። «ጠያቂ ሲመጣ የቁስሉ አፍ አሳፈረኝ፤ ሰኞ ማታ ሰፋሁት። የጠራጊ ምክር ሰምቼ ወዳጄን ክፍቱን ልተወው?»

አብተው ይህን ሰው አቀርቅሮ ለማየት ሲመኝ ሰንብቷል። አሁን ሲያየው ግን የራሱ ፊት ነደደ።

ባላምባራስ ከሪማን አስፈቷት። ሰንሰለቱ የፈገፈጋትን አንጓዋን እያሸች ወደ አብተው ዞረች።

«ማክሰኞ በደጃችን ሲያልፉ አይቼዎታለሁ» አለችው። «ጨርቁን ፈትቶ እግሩን በረንዳው ላይ ዘርግቶት ነበር። ቆመው ስፌቱን አይተው፣ ምንም ሳይሉ ሄዱ። ያኔ ቢፈታለት ኖሮ ይድን ነበር?»

ሰብስቤም ቀና ብሎ መልሱን ጠበቀ።

አብተው ዓይኑን ከመሬት ሳያነሣ ነጠላውን አጣፋ፤ በመካከላቸው አልፎ ከግቢው ወጣ።